ከጎሚስታው በር እስከ እማማ ሳቢት በር

ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የእድራችን ፒክአፕ እንዲህ ሆና ቆማ ነበር። የኋላ ግራ ጎማዋ የዝናብ ውሃ በቦረቦረው ቦይ ላይ ተንጠልጥሎ አየር ላይ ይሽከረከራል። የፊት ቀኝ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ይሽከረከራል። የቀሩት ሁለቱ ደረቅ ድንጋይ ረግጠው፣ ንቅንቅ ሳይሉ፣ የባልንጀሮቻቸውን ድካም ይመለከታሉ። በተንጠለጠለው ጎማና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለካሁት፤ አሥራ አንድ ሳንቲም ነበር። መኪናዋ ከዳገቱ ግርጌ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ወጥታለች፤ ሰባ አራት ሜትር ይቀራታል። ስትገዛ ፎር ባይ ፎር ናት ተብሎ ነበር። በዚያ ሰዓት ግን አራቱ ጎማዎች ተባብረው የሠሩት ሥራ ዜሮ ነው።

የጫነችው የእድሩን ድንኳን፣ ምሰሶዎቹን፣ ሃያ አግዳሚ ወንበሮችና የእቃ ቤቱን ድስቶች ነበር። የሚጠብቃት ደግሞ ከዳገቱ ጫፍ ላይ የሚኖሩት የአቶ ሐብታሙ ለቅሶ ነው። አርባ ደቂቃ ገፋናት። ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራታ ወረደች፣ ድንኳኑም እሷ በቆመችበት፣ ከዳገቱ ግርጌ ካለው ጎሚስታ በር ላይ ተተከለ። ከሟቹ በር እስከ ድንኳኑ መግቢያ ሁለት መቶ ሦስት ሜትር ሆነ። ጎሚስታው ደግ ሰው ስለሆነ ሦስት ቀን ሥራውን አቁሞ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ። ከሩቅ የመጡት የሟቹ ወንድም መስሏቸው እሱን ሲያጽናኑት ሰነበቱ። እሱም «አሜን፣ እናንተንም አይንካችሁ» እያለ በትዕግሥት ተቀበላቸው።

መሸሻ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ቀያሽ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን የእድሩ ተቆጣጣሪ ነኝ። ሜትር ከኪሴ አይለይም።

በሰልስቱ ማግስት እማማ ሳቢት በትራቸውን ይዘው ዳገቱን ወርደው ቤቴ መጡ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከሟቹ ቤት ቀጥሎ፣ መንገዱ የሚያልቅበት ላይ ነው።

«መሸሻ፣» አሉኝ ሳይቀመጡ፣ «ሐብታሙ የት ነው የተለቀሰው?»

«እ... ከታች ነው እማማ።»

«ከታች የት?»

«ጎሚስታው በር።»

«ሐብታሙ መኪና ነበረው?»

«አልነበራቸውም።»

«ታዲያ ጎሚስታ በር ምን ያደርጋል? እኔ አርባ ስምንት ዓመት እድር የከፈልኩት ጎማ ሲነፋ እየሰማሁ ልለቀስ ነው? ስማኝ። እኔ የምለቀሰው በገዛ በሬ ላይ ነው። ያ ካልሆነ አልሞትም፤ ቁጭ ብዬ አያችኋለሁ።»

«እናስተካክለዋለን እማማ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መስከረም።»

ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «በማርያም፣ እስከ መስከረም እሞክራለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ቃል አልገባም» አሉና ሄዱ።

በማግስቱ ዳገቱን ለካሁ። ርዝመቱ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ሜትር ነው፤ በየመቶው ሜትር ሃያ አራት ሜትር ከፍ ይላል። ቦዩ መንገዱን አግድም ሳይሆን በሰያፍ ስለሚቆርጠው፣ የትኛውም መኪና ሲያልፍ አንድ የኋላ ጎማ መንጠልጠሉ አይቀርም። ቦዩን ደፍኑት የሚል ሰው ይኖራል። ሦስት ጊዜ ደፍነነዋል። የእንጦጦ ጎርፍ ሦስቱንም ጊዜ አፈሩን ወስዶ ጎሚስታው በር ላይ አስቀምጦታል።

ስለዚህ የሚለወጠው መኪናዋ ውስጥ ያለው ነገር ነው ብዬ፣ ከሾፌራችን ከጌጡ ጋር ዊንጌት አጠገብ ወደ ሸፊ ጋራዥ ሄድን። ጌጡ ይህችን ፒክአፕ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቷታል። ስለ እሷ ሲያወራ ስለ ታመመች እህቱ የሚያወራ ይመስላል።

ሸፊ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ካያት በኋላ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ጋሼ፣ ዲፈረንሻሉ ነው። አልተበላሸም፤ አፈጣጠሩ ነው። ለግራና ለቀኝ ጎማ ዙሩን የሚያካፍለው እሱ ነው። አንዱ ጎማ ከተንጠለጠለ ግን ዙሩን ሁሉ ለዚያ ለተንጠለጠለው ይሰጠዋል።»

«መፍትሔውስ?»

«ሦስት አለ። አንደኛ፣ የውስጡን ማርሾች በይደን እናጣብቀዋለን፤ ሁለቱ ጎማ ለዘላለም እኩል ይዞራል። ዛሬ ከሰዓት ይደርሳል። ሁለተኛ፣ በራሱ አስቦ ሲንሸራተት የሚይዝ አለ። ሦስተኛ፣ በበተን የሚቆለፍ አለ፤ ስትፈልግ ትጫናለህ ይቆለፋል፣ ስትፈልግ ትለቀዋለህ። እሱን ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ነው።»

«አንተ የቱን ትመርጣለህ?»

«እኔ ብየዳ እወዳለሁ» አለ ሸፊ በግልጽ። «ብየዳ አይክድም።»

የእድር ንብረት በአንድ ሰው ምርጫ አይለወጥም። ጉዳዩ እሑድ ነሐሴ 5 ቀን ከሰዓት ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። ሰማንያ ሁለት አባላት በእድሩ ቤት ግቢ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ አቶ ቶማስ የሥነ ዜጋ መምህር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥም ወፍራሙ ድምፅ የእሱ ስለሆነ ማይክ አይፈልግም። ከጎኑ የእቃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቁልፎቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ተነሥቼ አስረዳሁ። ጎማ ሲንጠለጠል ዲፈረንሻሉ ምን እንደሚያደርግ ነገርኳቸው።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ እጇን አወጣች። «ቆይ ጋሽ መሸሻ። መሬት ረግጦ ሊሠራ የሚችለው ጎማ ምንም አያገኝም፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀልደው ሁሉን ይወስዳል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄ መኪና ሳይሆን መሥሪያ ቤት ነው።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን ያልተሟላ ነገር ትቼ መቀመጥ አልችልም። «በትክክል ለመናገር፣» አልኩ፣ «የሚወስደው ዙሩን እንጂ ጉልበቱን አይደለም። ጉልበት ለሁለቱም እኩል ነው የሚደርሰው። እኩል የሚሆነው ግን በደካማው ልክ ነው።»

«እኩል ከደረሳቸው ታዲያ ምን ቸገረን?» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«በትክክል ለመናገር፣ ዜሮና ዜሮ እኩል ስለሆኑ...»

«ጋሼ፣ አሁን ገብቶን ነበር እኮ!» አለች የዓለምወርቅ። «ሊቀመንበር፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ እድር ውስጥ ‹በትክክል ለመናገር› የሚል ሰው ሃያ ብር ይቀጣ።»

የውሳኔ ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ አለፈ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ ሥርዓት ነው።

ሦስቱን አማራጮች ስዘረዝር አቶ ቶማስ ብድግ አለ። «ወገኖቼ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ግራውም ጎማ ነው፣ ቀኙም ጎማ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ አራት አባላት ሁሉ እኩል ናቸው ይላል። ይበየድ! ለዘላለም እኩል ይዙሩ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሰባ ያህል እጅ ሊወጣ ሲል አየሁ። ስለዚህ አንድ አግዳሚ ወንበር ከመጋዘን እንዲወጣ ጠየቅሁ።

ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። አንዱን ጫፍ ለአቶ ቶማስ፣ ሌላውን ለወይዘሮ የዓለምወርቅ ሰጠኋቸው። ግቢው መሃል ያለውን የውሃ በርሜል ጎን ለጎን ሆነው እንዲዞሩት ነገርኳቸው። ቶማስ በበርሜሉ በኩል ሆነ። ግማሽ ዙር ዞሩ። ቶማስ የተራመደው አራት እርምጃ ነው። የዓለምወርቅ አሥራ አምስት።

«እሱ ቆሞ እኔ ስሮጥ!» አለች እያለከለከች። «ይሄ ነው እኩልነታችሁ?»

«አሁን ደግሞ እኩል ተራመዱ። አንድ ስትሉ አንድ፣ ሁለት ስትሉ ሁለት።»

«አንድ! ሁለት! ሦስት!» አለ ቶማስ በመዘምራን ድምፁ። ወንበሩ በርሜሉን መዞር ትቶ ቀጥ ብሎ ሄደ። በሰባተኛው እርምጃ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ተላተሙ። የሊቀመንበሩ ኮት ከሚስማር ላይ እስኪላቀቅ ስብሰባው ተቋረጠ።

ጌጡ ከኋላ ተነሣ። «አስከሬን ስንሸከምስ?» አለ ቀስ ብሎ። «መታጠፊያ ላይ ስንደርስ በውስጥ በኩል ያለው ባለበት ይረግጣል፣ በውጭ በኩል ያለው ይሮጣል። ሁሉም እኩል ልራመድ ቢል ሳጥኑ አጥር ውስጥ ይገባ ነበር።»

እዚያ ካሉት ወንዶች አስከሬን ያልተሸከመ የለም። አንዱ ትከሻውን ዳሰሰ። በሕይወታቸው ሙሉ ሲሠሩት የኖሩትን ነገር ስሙ ዲፈረንሻል እንደሆነ ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

«ብየዳው ይቅር» አለ ቶማስ ኮቱን እያየ። «ያ በራሱ አስቦ የሚይዘውስ?»

«በራሱ የሚያስብ ነገር እድር ውስጥ አይግባ» አለች የዓለምወርቅ። «ሊቀመንበሩ ይበቃናል።»

የእኔ ምክንያት ሌላ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ዲፈረንሻል የሚይዘው የሚንሸራተተው ጎማ ጥቂትም ቢሆን መሬት ሲነካ ነው። የእኛ ጎማ አሥራ አንድ ሳንቲም ከመሬት ርቆ ነበር፤ ለጭቃ ይበቃል፣ ለእኛ ቦይ አይበቃም። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሬ፣ ሃያ ብር ሳልቀጣ ተቀመጥኩ።

በበተን የሚቆለፈው በሰባ አንድ ድጋፍና በዘጠኝ ተቃውሞ ተመረጠ። ሁለት ሰዎች ተኝተው ስለነበር በድምፀ ተዓቅቦ ተመዘገቡ። ቀጥሎ በተኑን ማን ይጫን በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተከራከርን። አንዱ ጌጡና ተቆጣጣሪው አብረው ይጫኑት አለ፤ ሌላው ከሥራ አመራር ኮሚቴው ሁለት ሦስተኛው ይገኝ አለ። በመጨረሻ ጌጡ «ዳገት መሃል ስብሰባ ልጥራ ወይ?» ሲል ለእሱ ተተወለት።

ሸፊ እቃውን በአንድ ሳምንት ሶማሌ ተራ አገኘው፤ በዘጠኝ ቀን ገጠመው። ከመሪው በስተግራ ቀይ በተን ተተከለ። ከላዩ «ዳገት ላይ ብቻ» ብዬ በእጄ ጽፌ ለጠፍኩ። ጌጡ አስፋልት ላይ አንድ ጊዜ ሳይለቀው ሊታጠፍ ሞክሮ ጎማዎቹ እንደ ውሻ ጮኹበት። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ሳያነብ አይነዳም።

የቀረው ሙከራ ነው። ሙከራ ደግሞ በእውነተኛው ሁኔታ ካልሆነ ሙከራ አይደለም። አቶ ቶማስ «አሸዋ በጆንያ ብንጭንስ?» ብሎ ነበር። አልተቀበልኩትም። አሸዋ ከታች ይረጋል፤ የእድሩ ጭነት ግን ከፍ ብሎ ይወዛወዛል። ድንኳን አንድ መቶ አርባ ስምንት ኪሎ፣ ምሰሶ ዘጠና ስድስት፣ ወንበሮች ሦስት መቶ አሥር፣ ድስቶች ሰባ አራት፣ ሳህንና ኩባያ አርባ ሁለት፤ ድምሩ ስድስት መቶ ሰባ ኪሎ። ይኸው ራሱ ይጫን አልኩ። ከዚያ ለመጣው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ነሐሴ 25 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ዝናብ እያካፋ ተነሣን። ጎማዎቹ ላይ በኖራ ምልክት አድርጌ፣ የግራውን የኋላ ጎማ ዙር እኔ፣ የቀኙን ቶማስ እንድንቆጥር ተስማማን። ስለዚህ በመኪናዋ ግራና ቀኝ ሆነን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ከንፈራችንን እያንቀሳቀስን በእግር ተከተልን። ጌጡ ቀዩን በተን ተጭኖ፣ መብራቱን አብርቶ በሰው እርምጃ ይነዳል። ወይዘሮ የዓለምወርቅ «ድስቴ ያለ እኔ የትም አይሄድም» ብላ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ገብታለች። የነጠላዋ ጥለት ጭቃ እንዳይነካው ብላ ወደ ላይ፣ ወደ ፊቷ አድርጋዋለች።

ነጠላ እንደዚያ የሚለበሰው ሲታዘን መሆኑን እሷም፣ ቶማስም፣ እኔም እናውቃለን። ነገር ግን እሷ የምታስበው ስለ ጭቃ ነበር፣ እኛ ደግሞ ስለ ጎማ።

ሃያኛው ዙር ላይ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ቀና ብል ቁጥሬ ይጠፋል፤ አላልኩም። ሠላሳኛው ላይ አንዲት ሴት በቀስታ ስታለቅስ ሰማሁ። ክፉ ነገር አጋጥሟት ይሆናል አልኩ። አምሳ አንደኛው ላይ ቦዩ ደረሰ። የግራው ጎማ ከመሬት ተነሣና አየር ላይ ሆነ፤ ቀኙ ግን ድንጋዩን ነክሶ ገፋ። የግራው በአየር ላይ እንኳ ከቀኙ ጋር እኩል ነበር የሚዞረው። መኪናዋ ሳትቆም ተሻገረች። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልክድም።

ይህን ከኋላ ያየ ሰው «አይ ጋሽ መሸሻ፣ እንዴት ይወዷቸው ነበር» ሲል ሰማሁ። ቆጠራዬን ቀጠልኩ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ «ስንት ዓመታቸው ነበር?» አለኝ።

«ሰባ ሁለት!» አልኩ፤ ዙሩ ነው።

«ሰባ ሁለት?» አለ ለጎረቤቱ። «ዘጠና አልፈዋል ሲባል ነበር እኮ። ሰው ያጋንናል።»

በሰማንያ አምስተኛው ዙር ጌጡ ፍሬን ያዘ። ቶማስን ዞሬ «ስንት?» አልኩት። «ሰማንያ አምስት!» አለ፤ ደስታችን ወሰን አጣ፣ ተቃቀፍን። ያኔ ዋይታው ቀለጠ። ቀና አልኩ። አምሳ ሰባት ሰው ቆጠርኩ። ግማሹ ደረቱን ይመታል። አንዱ «ጡሩምባ እንኳ ሳይነፋ!» ብሎ ኮሚቴውን ይወቅሳል። ከሁሉ በላይ የምትጮኸው በአንድ የፍሳሽ መውረጃ ተጣልታ ከእማማ ሳቢት ጋር ስድስት ዓመት ያልተነጋገረችው ጎረቤታቸው አሪፋ ናት።

በሩ ተከፈተ። እማማ ሳቢት ምስር የሚለቅሙበትን ሰፌድ እንደያዙ ወጡ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

ጌጡ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ፣ «እርስዎ ነዎት እማማ» አለ።

«እኔ?»

«እንደዚያ ነው የተባለው።»

እማማ ሳቢት መኪናዋን አዩ። ድንኳኑን አዩ። ወደ ታች፣ ጎሚስታው ትንሽ ሆኖ ወደሚታይበት አዩ። ከዚያ ሕዝቡን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ እየመዘገቡ ነበር። ዓይናቸው አሪፋ ላይ ቆመ። አሪፋ አፏን እንደከፈተች ቀርታለች።

«ጎሽ፣ አሪፋ» አሉ። «ጥሩ ጀምረሽ ነበር። ነይ ግቢ፣ ምስሩን አግዢኝ።»

አሪፋ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። እንደገና ተለቀሰ፤ አሁን ግን እየተሳቀ ነው።

አቶ ቶማስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሙከራ ነበር። አሁን ይዘነው እንወርዳለን።»

«ምን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ? ትከሉት!»

«እማማ፣ በደንቡ መሠረት ድንኳን የሚተከለው ለሞተ ሰው...»

«መውጣቱን አየሁ። በሬ ላይ መቆሙን በምን አውቃለሁ? ኋላ ቦታው ጠበበ ብላችሁ መልሳችሁ ጎሚስታ በር ልትወስዱኝ ነው? እኔ ያን ጊዜ ተነሥቼ አልከራከርም። ዛሬ ነው የምከራከረው።»

ይህ ትክክል ነው። የሙከራውን ግማሽ ረስቼው ነበር። አምሳ ሰባት ለቀስተኛ ስላለ ድንኳኑ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ተተከለ። የዓለምወርቅ ጥለቷን ወደ ታች መለሰች፣ ድስቶቿን ቆጥራ አንድም አለመጉደሉን አረጋገጠች። እማማ ሳቢት መሃል አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ዝናቡ ሸራው ላይ ሲንጠባጠብ አዳመጡ።

«እንግዲህ መስከረም ሲጠባ ልሞት እችላለሁ» አሉ።

«ኧረ አይቸኩሉ እማማ» አለ ጌጡ።

«ማን ቸኮለ? እችላለሁ ነው ያልኩት። መሸሻ፣ ለካ እንጂ!»

ሜትሬን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ጌጡ ከበራቸው ደፍ ላይ ያዘልኝ፤ ሌላውን እኔ እስከ ድንኳኑ መግቢያ ዘረጋሁት።

«ስንት ነው?»

«ሁለት ሜትር ከሠላሳ፣ እማማ።»

«ልክ ሠላሳ?»

ሁሉም አዩኝ። ከኪሴ ሃያ ብር አውጥቼ በቅድሚያ ለወይዘሮ የዓለምወርቅ ሰጠኋት።

«በትክክል ለመናገር፣ ሁለት ሜትር ከሠላሳ አራት ሳንቲም ነው።»